የሳሎኑ ምስክር

በሰውየው ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ የጫማ ካርቶን የምታህል ጥቁር ኮምፒውተር ተቀምጣለች። ሶኬቷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አይነቀልም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ለሁለት ሳምንት ተብላ የመጣች እንግዳ ናት፤ ስድስት ዓመት ሆናት። በነዚህ ስድስት ዓመታት ሶፋው ተቀይሯል፣ ግድግዳው ሁለት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል፣ ልጅቷ ከመዳህ አልፋ አንደኛ ክፍል ገብታለች። እንግዳይቱ ግን ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም።

ሰውየው ለመድኃኒት ቤቶች መድኃኒት የሚያከፋፍል ትልቅ ድርጅት የዳታቤዝ ኃላፊ ነው። ኃላፊ ሲባል ከሥሩ የሚታዘዝ ሰው ያለ እንዳይመስል፤ ያለው ኃላፊነቱ ብቻ ነው። ከሦስት መቶ መድኃኒት ቤቶች የሚመጣው ትእዛዝ፣ መጋዘን ውስጥ ያለው ካርቶን፣ ጭኖ የሚወጣው መኪና ሁሉ የሚመዘገበው እዚያ ዳታቤዝ ላይ ነው። ዳታቤዙ ከቆመ የመጋዘኑ በር ላይ ሾፌሮች ተሰልፈው ይሳደባሉ።

መጀመሪያ አንድ ማሽን ብቻ ነበር። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት እንዲሉ፣ ሰውየው እንቅልፍ አጣ። በስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» አለና አስጨበጨበ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ተረት ይወዳሉ፤ ማሰብን ያሳጥርላቸዋል። ሁለተኛ ማሽን ተገዛ። አንዱ ዋናው ቢሮ፣ ሌላው መጋዘኑ ውስጥ ተቀመጠና የሚያገናኛቸው ገመድ ተዘረጋ።

ሰውየው ግን አላረፈም። ገመዱ ቢበጠስ ሁለቱም ማሽኖች «ያኛው ሞቷል» ብለው ሁለቱም ራሳቸውን ይሾማሉ፣ ያው አንድ ካርቶን መድኃኒት እዚህም እዚያም ይሸጣል ብሎ አስፈራራ። በአንድ ቤት ሁለት አለቃ ሲኖር ምን እንደሚመጣ ለዚያ ድርጅት ሰዎች ማስረዳት አላስፈለገውም፤ ኖረውበታል። ስለዚህ በሦስተኛ ቦታ የምትቀመጥ፣ ምንም የማትመዘግብ፣ ማን በሕይወት እንዳለና ማን እንደወደቀ ብቻ የምትናገር ትንሽ ማሽን ያስፈልጋል አለ። በሙያው ምስክር ትባላለች። ሦስተኛ ቦታ የሚፈልግ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው አራት ጊዜ ተሰብስቦ ንዑስ ኮሚቴ ወለደ። ያን ጊዜ ነው ይህ የዋህ ሰው፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ በገዛ አፉ «እስከዚያ እኔ ቤት ትቀመጥ» ያለው።

እስከዚያ! በቢሮ ቋንቋ ይህች ቃል «እስከ ዕለተ ሞትህ» ማለት እንደሆነች ዘበኛው እንኳ ያውቃል። ንዑስ ኮሚቴው ያን ዕለት ተበተነ።

ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡ የምስክሯ ቤተሰብ ሆነ። ካውያና ምድጃ አንድ ላይ አይሰኩም፤ ቆጣሪው ይዘላል። ሦስቱም አብረው ከከተማ አይወጡም፤ አንድ ሰው ቤት መቅረት አለበት፣ እሱም ማን እንደሆነ የታወቀ ነው። አንድ ጊዜ አማቱ ሊጠይቋቸው መጡና ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ «አይነቀልም» የሚለውን ነቀሉት። ማንበብ ተስኗቸው አይደለም፤ በልጃቸው ቤት ማን ይከለክላቸዋል። ሰውየው ከቢሮ እየሮጠ መጣ። እውነቱን ለመናገር ምንም አልሆነም ነበር። ሁለቱ ማሽኖች እስከሠሩ ድረስ ምስክር ብትኖርም ባትኖርም ሥራው ይቀጥላል፤ የምትፈለገው ከሁለቱ አንዱ የወደቀ ጊዜ ነው። ይህን ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በማግስቱ ግን ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መውጣቱን ሰምተው ምን እንደሆነ ሲጠይቁት «ለጥቂት ነው የተረፍነው» አላቸው። የምስጋና ወረቀት ተሰጠው። መጋዘን ጠባቂዋ፣ ሁሉም እትዬ ቁልፍ የሚላት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙን ትታ «አይነቀል» ብላ ትጠራው ጀመር። ስሙ ከምስጋና ወረቀቱ ይልቅ ልክ ነበር።

ሚስቱ አዋላጅ ነርስ ናት። ዘጠኝ ዓመት የሌሎችን ልጅ ስትቀበል ኖራ፣ የአንድ ቀን መንገድ በሚርቅ ከተማ ያለ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ኃላፊ አድርጎ መደባት። ሁለት ጊዜ ተመድባ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ «ትንሽ ታገሺኝ፣ ምስክሯን የማኖርበት ላግኝ» ብሏት ቀርታለች። ይህ ሦስተኛው ነው። ሰኞ ካልተገኘች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የጭነት መኪናው ለቅዳሜ ጠዋት ተይዟል። እሷም አልተቆጣችም፤ ሳህኖቹን በጋዜጣ እየጠቀለለች፣ እሷና ልጅቷ እንደሚሄዱ፣ እሱ ግን የራሱን እንዲያስብ ነገረችው። የማይቆጣ ሰው ያስፈራል።

ሰውየው የመልቀቂያ ማመልከቻ ጽፎ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባ። እሳቸውም አንብበው አንብበው ሲያበቁ የጠየቁት ስለ ሚስቱ አልነበረም። «ምስክሯስ?» አሉ።

መልስ ይዞ ነበር የገባው። ከተማው ማዶ ባለችው ትንሿ የሽያጭ ቅርንጫፍ እንደምትቀመጥ፣ ሁሉንም በጽሑፍ አዘጋጅቶ እንደጨረሰ፣ እንዲያውም ሐሙስ በሥራ ሰዓት ዋናውን ማሽን ሆን ብለው ቢያጠፉት እሱ ጣቱን ሳያነሣ መጋዘን ያለው ተጠባባቂ ማሽን እንደሚረከብ ነገራቸው። ካለሱ መሥራቱን ካዩ ይለቁታል። እንዲህ ነበር ስሌቱ። ሥራ አስኪያጁ ተስማሙ። ፈተናና ትርኢት የሚጠላ አለቃ የለም።

ረቡዕ ምስክሯ ከሳሎን ወጣች። ልጅቷ በቦታዋ አሻንጉሊቶቿን ደረደረች።

ሐሙስ ጠዋት የማሽኑ ክፍል በሰው ሞላ። ሰውየው ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ በገዛ እጃቸው የዋናውን ማሽን ገመድ መዘዙት። የማሽኑ መብራት ጠፋ። መጋዘን ያለው ተጠባባቂ ያኛውን ጠራው፤ መልስ የለም። ምስክሯን ጠየቃት፤ እሷም ሞቷል አለች። በአሥራ አንድ ሰከንድ ውስጥ ሥራውን ተረከበ። ከጎን ያለው ክፍል የተቀመጠችው ትእዛዝ ተቀባይ መጻፏን ሳታቋርጥ ቀጥላ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ በበሩ ብቅ ብላ ፈተናው መቼ እንደሚጀመር ጠየቀች።

ጭብጨባው ቀለጠ። ሰውየው ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ቀና ብሎ አያውቅም። በዚያው ፈገግታ ማመልከቻውን አስታወሳቸው።

ሥራ አስኪያጁ ትከሻውን አቀፉት። «ወንድሜ፣ እንዲህ ያለውን ሰው በየትኛው ሞኝነቴ ልልቀቀው?»

ነገሩ ቀልድ መሰለው። «ጋሼ፣ ባይሠራስ ኖሮ?»

«ባይሠራማ ማን ሊጠግነው? ጭራሽ እንዴት እለቅህ ነበር!»

በሁለቱም በኩል በሩ ግድግዳ ነበር። ማመልከቻው ላይ በሰያፍ «ተተኪ እስኪገኝ ይቆይ» ተብሎ ተመራለት። ሠራተኛ አስተዳደር የተተኪውን መስፈርት ከፋይል አወጡ። መስፈርቱን ከአራት ዓመት በፊት የጻፈው ራሱ ነው፤ ያኔ ኩራት ይዞት «በዚሁ ሲስተም ላይ ቢያንስ ስምንት ዓመት የሠራ» ብሎ ነበር። ከሰማይ በታች ይህን የሚያሟላ አንድ ሰው አለ፤ እሱም ወረቀቱን ይዞ ኮሪደር ላይ ቆሟል። እትዬ ቁልፍ በአጠገቡ ስታልፍ አየችውና፣ ወጥመድ ሠሪ እንዲህ ጥሩ ሲሠራ አይታ እንደማታውቅ፣ እግሩን ራሱ ከትቶ መሞከሩ ግን እንደገረማት ነግራው ሄደች።

ወረቀቱን ለሚስቱ አሳያት። አነበበችው፤ መልሳ አጠፈችው።

«ስማኝ፣ መኪና ላይ ለመውጣት የማን ፊርማ ነው የሚያስፈልግህ?»

የማንም አላት። ተፈረመ አልተፈረመ፣ ቅዳሜ አብሯቸው እንደሚወጣ በልጁ ማለ። ሻንጣውንም በሷ ፊት አሰረ። የዚያን ቀን ምሳ ሲበሉ ሦስቱም ብዙ ሳቁ፤ ካውያና ምድጃ አንድ ላይ ሰክተውም ቆጣሪው ሲዘል አጨበጨቡለት።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አልጋውና ቁምሳጥኑ ተጭኗል። ሾፌሩ ገመድ እያጠበቀ ነው። ልጅቷ ጋቢና ገብታ መሪውን ልንካ እያለች ታስቸግራለች። የሰውየው ሻንጣ ከላይ፣ ከፍራሹ ሥር ገብቷል። ስልኩ ጮኸ።

ሥራ አስኪያጁ ናቸው። ቅርንጫፏ መብራት እንደጠፋባት፣ ምስክሯ እንደማትታይ፣ ቢሮው ስክሪን ላይ ቀይ ምልክት እንደወጣ ተረኛው ደውሎ እንዳሳወቃቸው ነገሩት። ድምፃቸው ለስለስ ያለ ነበር፤ ቅዳሜ ነውና ከቤታቸው ነው የሚደውሉት። ለመሆኑ ችግር አለው ወይ ብለው ጠየቁት።

መልሱ አንዲት ቃል ናት፤ የለውም። ሁለቱ ማሽኖች እየሠሩ ናቸው፤ መብራቱ ሲመለስ እሷም ትመለሳለች። ይህን ከአማቱ ቀን ጀምሮ ያውቀዋል። ግን «የለውም» ካለ፣ ስልኩ ይዘጋል። ስልኩ ከተዘጋ ደግሞ፣ ማን መልሶ ይጠራዋል? በማያውቀው ከተማ የማዋለጃ ኃላፊዋ ባል ነው የሚሆነው። ስድስት ዓመት ያሰረው ሥራ አስኪያጁ እንዳይመስል፤ ለማዳን እየሮጠ ሲመጣ ሰው ሁሉ የሚያየው እሱ መሆኑ ጣፍጦት ነበር። የቢሮ ባሪያ ሰንሰለቱን ራሱ ይወለውላል።

«እንዳይነካ» አለ። «መጣሁ።»

ሚስቱ ከኋላው ቆማ ሰምታለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«አልጠራህም እኮ» አለችው። «ጠየቀህ ነው እንጂ።»

አንድ ሰዓት እንደማይፈጅበት፣ መንገድ ላይ እንደሚደርስባቸው መናገር ጀመረ። ሾፌሩ ሻንጣውን ላውርደው ወይ ብሎ በዓይኑ ጠየቃት። እሷም ይውረድ አለችው። ፍራሹ ተነሣ፣ ሻንጣው ወረደ፣ ፍራሹ ተመለሰ። ከዚያ ጋቢና ወጥታ ልጅቷን ወደ መሐል አስጠጋቻትና በሩን ዘጋችው።

«ንዳው» አለች።

ሻንጣውን እየጎተተ ቅርንጫፏ ሲደርስ መብራቱ ከመጣ ቆይቷል። ምስክሯ መደርደሪያ ላይ አረንጓዴ አብርታ ተቀምጣለች። ሻጯ ምን ልርዳህ አለችው። ወንበር ለመናት፤ ከመደርደሪያው ፊት አስቀምጦ ተቀመጠ።

ግማሽ ሰዓት ጠብቃ ሻጯ አላስቻላትም። «ደህና ናት አይደል? ምን እየጠበቅክ ነው?»

«ምናልባት እንደገና ከጠፋ» አላት።

አልጠፋም።