በፋሲካ የረከሰው በግ

በግብርና ኢኮኖሚክስ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስሠራ ያጠናሁት የበዓል ሰሞን የበግ ዋጋን ነበር። ርዕሱን የመረጥኩ ዕለት ከእኔ በላይ ብልጥ ያለ አልመሰለኝም። ቤታችን ቁስቋም፣ ገበያው ሸጎሌ። የክፍሌ ልጆች ቡና እና ሰሊጥ ፍለጋ አገር ላገር ሲንከራተቱ፣ እኔ የእናቴን ቁርስ በልቼ ወደ መረጃ ማሰባሰቢያዬ በታክሲ እወርድ ነበር።

ብልጠቴ ግን ብዙም አልጠቀመኝም። ሥራ፣ ስንፍናና ግትርነት ተጋግዘው ትምህርቱን ሁለት ጊዜ አስራዘሙኝ። ከዚያ ወዲያ ማራዘሚያ የለም ተባልኩ፤ ሰኔ ሳያልቅ ጥናቴን በፈታኞች ፊት ካልተከላከልኩ ስሜ ከመዝገብ ይሰረዛል።

በዚህ ላይ አባቴ አለ። አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ዋና ሥራው ስለ እኔ ማውራት ነው። ለሚጠጣው የማርያም ማኅበር ሰዎች በሙሉ፣ "ልጄ በሰኔ ዲፌንስ የሚባል ነገር አላት፤ ማንም እንዳይቀር" ብሎ ነግሯቸዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከዚያ በኋላ ማርያም ደጅ በተሳለምኩ ቁጥር አንዷ እናት ነጠላዋን እያስተካከለች ትመጣና፣ "የኔ ልጅ፣ ቀኑ ተቆረጠ እንዴ?" ትለኛለች። ቀኑ ሊቆረጥ ቀርቶ ጥናቱም ገና አልተቋጨም ነበር።

ያልተቋጨውም አንድ የማይረባ ውጤት ስላስቸገረኝ ነው። ለብዙ ዓመታት የተሰበሰበውን የገበያውን ወርሃዊ ዋጋ ወስጄ፣ በዓላቱን አስገብቼ፣ ኮምፒውተሩን ሳሠራው፣ በገና የበግ ዋጋ ይወጣል አለኝ። ጥሩ። በፋሲካ ግን ይወርዳል አለኝ። ደግሜ አሠራሁት። አሁንም ይወርዳል።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ጋ ቆም ይላል። እኔ ግን በተፈጥሮዬ ተሳስተሻል ስባል ክርክር ነው የሚቀናኝ፤ ኮምፒውተሩ የሰጠኝን ውጤት የራሴ ልጅ ይመስል ልከላከልለት ተነሳሁ። ነጋዴዎች የፋሲካን ገበያ ቀድመው ስለሚያውቁት ሁሉም በአንድ ጊዜ በግ ያጎርፋሉ፣ ስለዚህ አቅርቦቱ ፍላጎቱን ይበልጠዋል የሚል አራት ገጽ ሙሉ ማብራሪያ ጻፍኩ። እውነቴን ነው፣ ቆንጆ ገጾች ነበሩ።

አማካሪዬ ቁጥብ ሰው ናቸው። አራቱን ገጽ አንብበው ጨረሱና መነጽራቸውን አወለቁ።

"ለመሆኑ ለፋሲካ በግ ገዝተሽ ታውቂያለሽ?"

"እኛ ቤት አባቴ ነው የሚገዛው።"

"እንግዲያው ዘንድሮ አብረሽው ሂጂ" አሉኝ።

አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። በግ መግዛት ለእሱ ከበዓሉ የማይተናነስ ደስታ ነው። የበጉን ሽንጥ ይዳብሳል፣ ጥርሱን ገልጦ ያያል፣ ዋጋ ሲጠሩለት እንደ ተሰደበ ሰው ዞር ብሎ ይሄዳል፣ ሌላ በግ ያየ መስሎ ተመልሶ ይመጣል። እናቴ፣ "ሲከራከር በጉ ያረጃል" ትላለች። በሕይወቱ የተጠራለትን ዋጋ ከፍሎ አያውቅም፤ ቲማቲምም ቢሆን።

ቀዳም ስዑር ጠዋት ወረድን። አባቴ አክፍሏል፤ ከዓርብ ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ግን ከእኔ ፈጥኖ ነበር የሚራመደው። ሸጎሌ ሰውና በግ ተደባልቆ መፈናፈኛ የለም። ሻጩም ገዢውም ግንባሩ ላይ ቄጤማ አስሯል። አንዱ ሙክቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ያልፋል፣ አንዱ ታክሲ ጣሪያ ላይ በግ ሊጭን ከረዳት ጋር ይጨቃጨቃል። እኔ በሌላው ወር ነበር የምመላለሰው፤ በበዓል ዋዜማ ገበያውን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

አባቴ አንድ ቀይ ሙክት ፊት ቆመ። ነጋዴው በእኔ ዕድሜ ያለ ቀልደኛ ጎረምሳ ነው። ዋጋውን ሲጠራ እኔ ነኝ የደነገጥኩት።

"እንዴት ይሆናል?" አልኩ፤ አላስችል ብሎኝ። "በፋሲካ እኮ ዋጋ ይወርዳል!"

"ማነው ያለው?"

"ጥናት አለ። እ... ማለቴ፣ እኔ ነኝ ያጠናሁት። ዩኒቨርሲቲ።"

ልጁ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና፣ "በቃ እህቴ፣ ታዲያ እሱን ጥናትሽን እረጂዋ!" አለኝ።

በዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴም ከእነሱ ጋር ሳቀ፤ ባዶ ሆዱን ይዞ፣ ዓይኑ እስኪያነባ። ከዚያ እንደ ልማዱ ተከራክሮ፣ ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ሙክቱን ገዛ። እኔ ቁስቋም እስክንደርስ አኮረፍኩ።

በማግስቱ፣ የፋሲካ ዕለት፣ ቁንጣን እስኪይዘኝ በልቼ ወንበር ላይ ተዘርግቼ ነበር። ፊት ለፊቴ የመለዋወጫ መደብር የሰጠን የግድግዳ ካላንደር ተሰቅሏል። ሚያዝያ በትልቁ፣ ኤፕሪል በትንሹ ጥግ ላይ። ሺህ ጊዜ ያየሁት ወረቀት ነው፤ ልብ ካላየ ዓይን አያይም። ያን ዕለት ግን በጣቶቼ መቁጠር ጀመርኩ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር... ሚያዝያ ስምንተኛ ወር ነው። ኤፕሪል ደግሞ አራተኛ።

የገበያው መረጃ ወራቱን በቁጥር ነበር የያዘው፤ አንድ ማለት መስከረም። እኔ ግን በዓላቱን የገለበጥኩት ከስልኬ ነው፤ እዚያ አንድ ማለት ጃንዋሪ። ስለዚህ ለፋሲካ "አራት" ብዬ ስሰጠው ኮምፒውተሩ የታኅሣሥን ዋጋ ሲያሳየኝ ከርሟል። ታኅሣሥ! አገሩ የገናን ጾም ይዞ እስከ ወሩ ማብቂያ ሽሮ የሚበላበት ወር! በግ ያን ጊዜ ካልረከሰ መቼ ይርከስ? ገና ደግሞ "አንድ" ተብሎ መስከረም ላይ ወድቋል፤ እንቁጣጣሽና መስቀል በጉን የሚያስወድዱበት ወር ላይ። የገናው ልክ ስለመሰለ ሌላውን አልጠረጠርኩም።

ብቻዬን ፈነዳሁ በሳቅ። እናቴ ምግቡ የበዛብኝ መስሏት ውሃ ይዛ መጣች። ሳቁ ሲያልቅ ፍርሃቱ መጣ። ምዕራፉ በሙሉ፣ ሰንጠረዦቹ በሙሉ፣ እነዚያ ቆንጆ አራት ገጾች ሁሉ ገደል ገቡ፤ ሰኔ ደግሞ ደጅ ላይ ነው። የማኅበሩ እናቶች ነጠላቸውን አጥበው ሲጠብቁ ታየኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

ለአማካሪዬ በበዓል ምድር ደወልኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና እሳቸውም ሳቁ። "ለኮምፒውተሩ የጻፍሽውን ኮድ እኔም አይቼዋለሁ፤ አላየሁትም እንጂ" አሉ። "አፍሰሻል፤ አሁን ልቀሚያ።"

ሁለት የክፍሌ ልጆች፣ ባለ ቡናውና ባለ ሰሊጧ፣ ሳልጠይቃቸው ላፕቶፓቸውን ይዘው ቁስቋም ወጡ። የፋሲካ ሰሞን ስለሆነ እናቴ ሥራ መሥራታቸውን ሳይሆን መብላታቸውን ነበር የምትቆጣጠረው። እኔ ወራቱን አስተካክላለሁ፣ ባለ ሰሊጧ ታረጋግጣለች፣ ባለ ቡናው ያጎርሰናል። እንደዚያ ሳምንት ትምህርት የጣመኝ ጊዜ የለም።

አዲሱ ውጤት ሲወጣ ፋሲካ ከሁሉም በዓል በላይ ቆሟል፤ አጠገቡም ሦስት ኮከብ። እኛ ሙያ ውስጥ ኮከብ ሲበዛ ውጤቱ እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ አይደለም ማለት ነው። ሦስታችንም ተነስተን ጨፈርን። አባቴ በበሩ ብቅ ብሎ አየን።

"ባለ ሦስት ኮከብ ነው አባዬ!"

"ሆቴል ከፈታችሁ እንዴ?" አለና እሱም ገብቶ ጨፈረ።

የሰኔው ቀን ደረሰ። ሌሎች ተማሪዎች ለዲፌንስ የታሸገ ውሃና ብስኩት ያቀርባሉ፤ እናቴ ድፎ ዳቦ አሸክማ መጣች። የማኅበሩ ሰዎች የኋላውን ወንበሮች ሞልተው ነጭ በነጭ ተቀመጡ። አቅርቤ ስጨርስ፣ ከፈታኞቹ አንዱ፣ ኮስታራ የተባሉት፣ ወረቀታቸውን አጠፉ።

"አንድ ጥያቄ። ወራቱን ያመሳከርሽው በየትኛው አቆጣጠር ነው?"

ከኋላ አንድ ሳቅ አመለጠ። የአባቴ ነው። ታሪኩን አምስት ጊዜ ያወራላቸው የማኅበሩ ሰዎችም ተከትለውት ሳቁ፤ የፈታኞቹ ሰብሳቢ ጸጥታ ለማስከበር ጠረጴዛ መቱ፤ እኔም እየሳቅኩ ሁሉንም ነገር ከነታኅሣሡ ተናገርኩ።

ኮስታራው ፈታኝ ፈገግ አሉ። "ይህን ሁሉንም ተማሪ እጠይቃለሁ" አሉ። "ብዙዎቹ ይደነግጡብኛል። ሳቅ ሲመልሱልኝ ዛሬ ነው ያየሁት።"

ውጭ ጠብቂ ተብዬ፣ ተጠርቼ፣ አልፈሻል ስባል፣ የእናቶቹ እልልታ የሕንፃውን ጥበቃ ከደጅ ጠርቶ አመጣው። እሱም ዳቦ ደረሰው።

በቀጣዩ ፋሲካ፣ በጥናቴ መሠረት በጉን ከአንድ ወር በፊት እንድንገዛ ለአባቴ ነገርኩት። በአክብሮት ሰማኝ። ቀዳም ስዑር ጠዋት ግን ኮቱን ለብሶ፣ ቄጤማውን አስሮ በሬ ላይ ቆመ።

"ተነሺ፣ ሸጎሌ።"

"አባዬ፣ ያኔ ብንገዛው እኮ..."

"ጥናቱ ልክ ነው። ግን ያኔ ብንሄድ ያን ቀልደኛ ልጅ እናገኘዋለን?"

ገበያው ውስጥ ስንት የሰባ ሙክት አልፎ፣ ሽንጥ ሳይዳብስ፣ ጥርስ ሳያይ፣ ፊት ፊቴ ሲሄድ ልጁን ለምን ያን ያህል እንደፈለገው ግራ ገባኝ። በመጨረሻ ቀልደኛው ጎረምሳ ራሱ ለየን፤ ከሩቅ እጁን አውለበለበ።

"እህቴ! ጥናትሽን አረድሽው?"

አባቴ ቀደመኝ። "አልታረደም!" አለ፣ ዙሪያው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "አልፋለች! ልጄ አልፋለች!"

"እንኳን ደስ አልዎት አባት!" አለ ልጁ፤ የትልቁን ሙክት ገመድ አቀበለውና ዋጋ ጠራ። አባቴ ተሰደብኩ ብሎ ዞር አላለም። እጁን ኮቱ ኪስ ከተተና የተጠራለትን ያህል ከፈለ።