የባዘዘው ድግ

ወሬው ሲደርሳት ወለተ ሐዋርያት ጓሮ ጭቃ ታቦካ ነበር። ጣሊያን አገር በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ ግድግዳዋን ልትመርግ ቸኩላለች። ጎረቤቷ አስማማው እየሮጠ መጣና ወንድምሽ ተመትቷል፣ በቃሬዛ እያመጡት ነው አላት። ሁለቱ ከሌሎች ጋር ለአርበኞች ስንቅ ጭነው አምበርን ሲያልፉ ከጣሊያኖች ምሽግ ተተኩሶባቸው፣ ጥይቱ በባዘዘው ጎን ገብቶ ሳይወጣ ቀርቷል።

«ብዙ አልደማም» አለ አስማማው።

እሷም በዚህ ተጽናናች።

ባዘዘው ቤት ከዳኝ ነበር። በዚያ አገር የእሱ እጅ ያልነካው የሣር ጣራ ጥቂት ነው። የእህቱን ግን ሦስት ክረምት ነገ ነገ እያለ አሳልፏል። ጣራ ላይ ሲወጣ ወገቡን በዘጠኝ ክንድ ድግ ጥብቅ አድርጎ ይታጠቃል። ማታ እሷ ቤት ሲገባ፣ ውኃ ከማቅረቧም በፊት፣ ያንን ድግ ትፈታለታለች። በልጅነቱም አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት።

ሲያስገቡት ድጉ ቁስሉ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። አጥብቆ ያሠረው አስማማው ነው። ወጌሻው አባ ወልደ ሰንበት እስኪመጡ ማንም እንዳይፈታው አደራ ብሏት፣ እሳቸውን ሊያመጣ ወንዝ ማዶ ሄደ።

ባዘዘው አላርፍ አለ። ወደ ግድግዳው ይዞራል፣ ወደ በሩ ይዞራል፣ ውኃ ይላል፣ የጠጣውን ያስመልሰዋል። ላቡ ቀዝቃዛ ነው። ሆዱ ከድጉ በላይ ተወጥሯል። እሷም ትወጣለች፣ መንገዱን አይታ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትወጣለች።

«ለጣራሽ ነው እንዲህ የምትንቆራጠጪው፤ ዐውቄብሻለሁ» አላት፣ ከንፈሩ ነጥቶ።

«አዎ። ሳትከድን ወዴት ትሄዳለህ?»

እጁን ድጉ ላይ ጭኖ፣ «እታለም፣ ድጉ አፈነኝ። ፍችልኝ» አላት።

አይሆንም፣ አባ ይምጡ አለችው። ደግሞ ለመናት። በሦስተኛው ወጥታ መንገዱን አየች፤ ማንም የለም። ትንሽ ባላላለት ምን አለ ብላ፣ ጭቃ በደረቀበት እጇ ቋጠሮውን ያዘች። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር ፈታች። ባዘዘው እፎይ አለ። ወዲያው ፊቱ አመድ መሰለ፣ ዓይኑ እሷን አልፎ ጣራው ላይ ቀረ። መልሳ ልታጠብቀው ታገለች።

አባ ወልደ ሰንበት ሲደርሱ ለቅሶ ተጀምሮ ነበር። ቁስሉን አዩ፤ ጣት የማታስገባ ቀዳዳ ናት። ሆዱን ዳሰሱ። ትልቁ የደም ሥር ተበጥሷል፣ ደሙ ውስጥ ለውስጥ ፈስሷል፣ ጥቂት ያቆየው ድጉ ነው አሉ። ባይፈታም አድነው ነበር ለማለት አልደፍርም ሲሉ ግን ወለተ ሐዋርያት አልሰማቻቸውም። ማን ፈታው ብለው ጠየቁ። አስማማው ቀደም ብሎ፣ ባዘዘው ጨንቆት ራሱ ፈትቶት ይሆናል አለ።

አሁን ሐምሌ ገብቷል። እናቷ እመት አሰገደች ከቁይ መጥተው አብረዋት ተቀምጠዋል። ጣራው ያፈስሳል፤ መኝታቸውን ወዲያ ወዲህ እያደረጉ ይተኛሉ። ልጄ ድጉን ራሱ ነው አሉ የፈታው ይላሉ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር። ወለተ ሐዋርያት ተነሥታ ከሚያንጠባጥበው ሥር ገንቦ ታስጠጋለች። ማን እንደ ፈታው እስካሁን አልነገረቻቸውም።