«ይታያል» ያልኩ ቀን

ዘመኑ የጃንሆይ መንግሥት ማብቂያ ገደማ ነው። ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ፣ አራተኛውን ከመጀመሩ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ ማገልገል ግዴታው ነበር። ሰሞኑን የእህቴ ልጅ፣ እሷም እንደኔ የሥነ ልቦና ተማሪ ናት፣ ለልምምድ የሚቀበላት መሥሪያ ቤት አጥታ ስትጨነቅ «በእናንተ ጊዜ ለልምምድ የት ነበር የምትወጡት?» ብላ ጠየቀችኝ። «ብቸና» አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። እዚያ ያሳለፍኩት አንድ ቀን ዛሬም አይረሳኝም።

እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው፤ የዓባይን ድልድይ ስሻገር የመጀመሪያዬ ነበር፤ አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ሲወርድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የተጓዝኩት። ሳይኮሎጂ ይማር ምንም ይማር፣ የተላከ ሁሉ ሥራው ማስተማር ነበር። አስተማሪዎቻችን ግን ሲሸኙን «ለእናንተ ይህ ልምምድ ነው፤ የሰውን ጠባይ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ» ብለውናል። ዝም ብዬ ልመለከት ቆርጬ ሄድኩ። መዘዙን ያመጣብኝም ይኸው መመልከት ነው።

የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ከከተማው ሽማግሌዎች ጋር ሲያስተዋውቁኝ «ሳይኮሎጂ» የሚለውን ቃል ምን ብለው እንደሚተረጉሙት ጨነቃቸው። ትንሽ አሰቡና «ይህ ልጅ የሚማረው የሰው ልብ ነው» አሉ።

በሳምንቱ አንድ አዛውንት ቤቴ ድረስ መጡ። ዳገት ሲወጡ ልባቸው እንደሚመታባቸው ነገሩኝና ደረታቸውን ገልጠው ጆሮዬን እንዳስጠጋ ለመኑኝ። ሐኪም አለመሆኔን፣ የምማረው ሰው በልቡ የሚያስበውን እንደሆነ አስረዳኋቸው። ባላስረዳ ይሻለኝ ነበር። በማግሥቱ ገበያው ሁሉ «ልብ ያነባል» ይለኝ ጀመር። አከራዬ «እራት ምን እንደሆነ ታውቀው የለ፣ ምን ትጠይቀኛለህ?» ትለኛለች። ጨው ሻጮቹ ሳልፍ በቀልድ ደረታቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ኅዳር ላይ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ አጥቢያ የወይዘሮ ስንዱ በቅሎ ጠፋች። ወይዘሮ ስንዱ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ባለ ርስት ናቸው፤ አንደበታቸው ይፈራል ሲባል እሰማለሁ እንጂ አይቻቸው አላውቅም። በቅሎዋ ስትጠፋ አውጫጭ ተጠራ። አውጫጭ ማለት ንብረት ጠፍቶ ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ፣ ያገሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ የሚያውቅ ሰው እስኪያወጣ ድረስ የማይበተንበት ሸንጎ ነው። የቀረ ሰው ይጠረጠራል። ሌባው ካልወጣ ደግሞ የበቅሎዋን ዋጋ አጥቢያው አዋጥቶ ይከፍላል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ሌባ እንዲገኝ ይፈልጋል፤ ማንም ይሁን ማን።

ቅዳሜ ጠዋት ዱላ የያዙ ሁለት ሰዎች ደጄ ቆሙ። «ጭቃ ሹሙ ይፈልጉሃል» አሉኝ። ጭቃ ሹም የአጥቢያው ሹም ነው። ለምን እንደምፈለግ ስጠይቅ «ልብ እንድታነብ ነዋ» አለኝ አንዱ፣ ውሃ ቅዳልኝ የሚል ያህል አቅልሎ።

ዲሬክተሩ ቤት ሮጥኩ። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁ። «ሂድና ብቅ ብለህ ተመለስ። እምቢ ብትል አውቆ ደበቀ ነው የሚሉህ። ከዚያ በኋላ እዚህ አገር ማስተማርህም ይቀራል» አሉ። ሳቃቸው ምንም አላማረኝም። አገልግሎቱን ያልጨረሰ ተማሪ ደግሞ ወደ ዩኒቨርሲቲው አይመለስም። ሄድኩ።

ስንደርስ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ሜዳ በሰው ተሞልቷል። ሁሉም ዱላውን ተደግፎ ተቀምጧል። ከትናንት ጀምሮ እዚያው ናቸው፤ ርቧቸዋል፣ ተናደዋል፣ ጤፋቸው ደርሶ ማሳ ላይ ቆሟል። ፊታቸው ሁሉ ወደኔ ዞረ።

ጭቃ ሹሙ ድምፃቸው ሻካራ፣ ቁመታቸው ዘለግ ያለ ሰው ናቸው። እጄን ይዘው መሐል ሜዳ አቆሙኝ።

«ይኸውልህ ልጄ፣ አገሩ ሥራ ፈታ። ዝናብ ሳይመጣብን እህላችንን እንሰብስብበት። አንተ ልብ ታውቃለህ አሉን። እንዲያው እይልን።»

«ጌታዬ፣ እኔ ሌባ የማወቅ ችሎታ የለኝም። የተማርኩት ሌላ ነው።»

«አትፍራ። ማንም አይነካህም፤ እኛ አለን።»

እኔ የፈራሁት እነሱኑ ነበር።

ማንንም ላለማየት ወሰንኩ። መጀመሪያ ሰማዩን አየሁ። ከዚያ የዱላዎቹን ጫፍ አየሁ። ነገር ግን ዓይን እንዲህ ተይዞ አይዘለቅም። ያ ሁሉ ሰው አፍጥጦብኛል። ከቤቴ ርቄ፣ ከማላውቀው ሰው መሐል ቆሜ፣ አንድ የማውቀው ፊት ብቻ ፈለግሁ። አገኘሁም።

ይታያል ነበር። ይታያል የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ ነው፤ ከቄስ ትምህርት ቤት ዘግይቶ ስለመጣ ዕድሜው ከኔ ብዙም አያንስም። ከክፍሌ ሁሉ እሱን እወደዋለሁ፤ የማላውቀውን ቃል ሲናገር እንኳ የሚያፍርልኝ እሱ ነው። ሰሞኑን ከትምህርት ቤት ጠፍቶብኝ ነበር። አሁን ግን በዚያ ፀሐይ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ተቀምጧል። ይንቀጠቀጣል። ግንባሩ ላብ አቸፍችፏል።

ጭቃ ሹሙ ከኋላዬ «በል እንግዲህ፣ ይታያል ወይስ አይታይም?» አሉኝ።

ጥያቄያቸውን በወጉ የሰማሁት አይመስለኝም። ልቤ ያለው ልጁ ጋ ነው። «ይታያል…» አልኩ። «ምን ሆነህ ነው?» ልለው ነበር፤ የቀረው ከአፌ ሳይወጣ ሜዳው ተነሣ።

«ይታያል አለ!»

«ማንን አይቶ ነው?»

«ያንን ጋቢ የለበሰውን። ዓይኑን እዩት፣ እሱ ላይ ተክሎ ነው ያለው።»

የቅኔ አገር ሰው ነው፤ ስሙን ትቶ ወርቁን ያዘ። ወዲያው ሁለት ጎልማሶች ይታያልን በብብቱ ይዘው አቆሙት። ሌላው ጠፍር ከወገቡ ፈትቶ እጆቹን ወደ ኋላ አዞረ፤ የፊጥኝ ሊያስረው ነው።

«ስሙ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ስሙን ነው የጠራሁት!»

«ሰማችሁ?» አለ አንድ ሰው በመደነቅ። «ስሙንም ጠራው።»

«ተማሪዬ ስለሆነ ነው የማውቀው።»

«አዝኖለት ነው። ሊሸፍነው ነው።»

«እየተንቀጠቀጠ አይደለም እንዴ? ንጹሕ ሰው ምን ያንቀጠቅጠዋል?»

ከዚያ በላይ መናገር ፈራሁ። አንድ ቃል በጨመርኩ ቁጥር ጠፍሩ አንድ ዙር ይጨምራል። በእኔ የተነሣ አንድ ሰው ታስሮ ሊወሰድ ነው። ወህኒ ከገባ በኋላ ማን ያስወጣዋል? ማንስ ይሰማኛል? ይታያል ቀና ብሎ አየኝና «መምህር» አለኝ። ያ ድምፁ አንጀቴን በላው።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ሰውን ገፍቼ አጠገቡ ደረስኩና ክንዱን ያዝኩ። ያቃጥላል። ጥርሱ እየተንገጫገጨ ክንዱ እሳት ነው። የታመመ ሰው ነው፤ ቀረ ተብሎ እንዳይጠረጠር ከነሕመሙ መጥቷል። «ታሟል፣ ንዳድ ይዞታል» እያልኩ ጮህኩ። ማን ይስማ።

«እስቲ ዝም በሉ።»

የሴት ድምፅ ነው። ጮክ እንኳ አላለም፤ ሜዳው ግን ጸጥ አለ። ዳር ላይ፣ ጥላ ተዘርግቶላቸው የተቀመጡ አንዲት ወይዘሮ ናቸው። በቅሎዋ የጠፋችባቸው ወይዘሮ ስንዱ እኚህ መሆናቸውን ሳይነገረኝ አወቅሁ።

«አንተ ልጅ፣ ወዲህ ና።»

ሄድኩ።

«ልብ ታነባለህ አሉ። በል የኔን አንብብ። አሁን በልቤ ምን አለ?»

በሕይወቴ እንደዚያ የጨነቀኝ ጊዜ የለም። አላውቅም ብላቸው ሊሸሽ ነው ሊሉኝ ነው። አንድ ነገር ገምቼ፣ ድንገት ግምቴ ከያዘ ደግሞ ይታያል አለቀለት። ሰው ሁሉ ይጠብቃል።

«አላውቅም እሜቴ።»

«እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው። ምንም አላውቅም።»

«ማልልኝ።»

«ንጉሥ ይሙት፣ አላውቅም።»

ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና ወደ ይታያል ሄዱ። በእጃቸው ጀርባ ግንባሩን ነኩት። «በረሃ ወርዶ ነበር?» ብለው ጠየቁ። የይታያል አጎት ከኋላ ሆነው፣ እስካሁን ማንም ቦታ ሳይሰጣቸው፣ «የዓባይን በረሃ ወርዶ ማሽላ ሲጠብቅልኝ ሰንብቶ ነው እሜቴ። ከነሕመሙ ነው የወጣው» አሉ።

ወይዘሮ ስንዱ ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ይህ ልጅ በፊቱ የቆምኩትን የኔን ልብ ካላወቀ፣ ጋቢ ተከናንቦ የተቀመጠውን የት ያውቃል? በቅሎዬን ፈልጉልኝ አልኩ እንጂ በሽተኛ አስራችሁ ግደሉልኝ አላልኩም። ፍቱት።»

«ታዲያ እሜቴ፣ አገሩ ይክፈል?» አሉ ጭቃ ሹሙ።

«የመክፈሉን ነገር እህላችሁን ሰብስባችሁ ስትመጡ እንነጋገራለን። ይህ ግን እዚህ ካደረ ነገ የለም።»

ጭቃ ሹሙ ሰዉን አዩ፣ ደመናውን አዩ፣ አውጫጩ ለሌላ ቀን ተላለፈ። ይታያልን በቃሬዛ ተሸክመን ብቸና ክሊኒክ አደረስነው። የቃሬዛው አንድ ጫፍ እኔ ትከሻ ላይ ነበር፤ በመንገድ ላይ እንኳ ሰዉ ሐሳቡን ቀይሮ እንዳይከተለን እየፈራሁ ወደ ኋላዬ አያለሁ። የክሊኒኩ ድሬሰር መርፌ ወጋው፣ ክኒን ሰጠው፣ «ዛሬ ባታመጡት ኖሮ አላውቅም» አለን። ትኩሳቱ እስኪበርድ ከአጠገቡ አልተለየሁም። ወይዘሮ ስንዱ ከቤታቸው በአገልጋይ እጅ አጥሚት ላኩለት። ለእኔ የላኩት መልእክት «በል ዳግመኛ ገበያ ለገበያ ልብ አነባለሁ አትበል» የሚል ነበር። እኔ ብዬ አላውቅም፤ ግን ማን ይከራከራቸዋል።

በቅሎዋ የተገኘችው ሞጣ ነው። ለካ ወይዘሮ ስንዱ ከዚያ ነው የገዟት፤ ገመዷን በጥሳ፣ ያን ሁሉ መንገድ ብቻዋን ተጉዛ፣ ያደገችበት ቤት በራፍ ላይ ሄዳ ቆማለች። የድሮ ባለቤቷ በገበያተኛ መልእክት ላኩላቸው። ሌባ የሚባል ሰው ከመጀመሪያውም አልነበረም። ወሬው ሲሰማ ብቸና ሁሉ ሳቀ። እኔ ለመሳቅ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ጠፍሩ ነው የሚታየኝ።

ይታያል ድኖ ወደ ክፍል የተመለሰ ቀን ሌሎቹ እስኪወጡ ቆየና «መምህር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ?» አለኝ።

«ምን?»

«ሌላ ጊዜ ሰው በተሰበሰበበት ካገኙኝ፣ እንዳላዩ ሆነው ይለፉኝ።»

ፈገግ ብሎ ነው ያለው። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ አለቀስኩ።

ዩኒቨርሲቲ ተመለስኩ፣ ትምህርቴን ጨረስኩ፣ ዕድሜዬን በሙሉ በዚሁ ሙያ ሠራሁ። ፍርሃቱ ግን አብሮኝ አለ። ብዙ ሰው ፊት ስቆም ዓይኔን በማውቀው ሰው ላይ አላሳርፍም። ግድግዳ አያለሁ፣ መስኮት አያለሁ፣ የሰው ባርኔጣ አያለሁ። ይህ የማፍቀርና የማክበር ጉድለት የሚመስላቸው አሉ፤ አልፈርድባቸውም።

የተመረቅሁ ዕለት እናቴ ከማለዳ ጀምራ ፀሐይ ላይ ቆማ ጠብቃኛለች። ካባዬን ለብሼ ከሰልፉ ጋር ሳልፍ ነጠላዋን እያውለበለበች በስሜ ጠራችኝ። ማታ ቤት ገብተን እግሯን እያሻሸች «ያን ሁሉ ሰው ስታይ እኔን ብቻ ሳታይ አለፍክ» አለችኝ። እግሯን ተቀብዬ አሸሁላት። ከዚያ ሁሉ ሰው መጀመሪያ ያየሁት እሷን ነበር።