ያለ ሐኪም ትእዛዝ የማይሸጥ

ትምህርቴን እንደጨረስኩ ሶዶ ውስጥ አንድ መድኃኒት ቤት ተቀጠርኩ። ባለቤቱ ጋሼ የምላቸው ሸምገል ያሉ ነጋዴ ነበሩ። የንግድ ፈቃዱ በእሳቸው ስም ቢሆንም ባለሙያዋ እኔ ስለሆንኩ፣ እኔ በሌለሁበት አንዲት እንክብል እንኳ መሸጥ አይፈቀድላቸውም። “ሱቁ የእኔ፣ ኪራዩ የእኔ፣ አዛዧ ግን አንቺ!” እያሉ ይስቁ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ከሁምቦ የመጣች ሴት ገባች። ጀርባዋ ላይ ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ ተኝታለች። ለመታዘል ትልቅ ናት፤ እግሮቿ ተንጠልጥለው እናቷ ጉልበት ጋ ይደርሳሉ። ሴትዮዋ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ አንዲት ነጭ እንክብል አወጣች።

“እንደዚህ ያለ ስጠኝ” አለችኝ። አማርኛን የለመደችው ከገበያ ነውና እኔንም እንደ ወንድ ነበር የምታናግረኝ።

በወላይትኛ ስመልስላት ፊቷ ፈታ አለ። ልጇ የሚጥል በሽታ አለባት። አንዴ ምድጃ ላይ ወድቃ ክንዷ ተቃጥሏል። ከዚያ ገበያ ላይ ጆንያ ዘርግቶ መድኃኒት የሚቸረችር ሰው ይህን እንክብል ሰጣት፤ መውደቁም ቀነሰ። አሁን ግን ተቆጣጣሪዎች መጥተው ሰውየውን ከገበያው አስነሡት።

“የቀረችኝ ይቺ ብቻ ናት” አለች።

እንክብልን በመልኩ ብቻ ማወቅ አይቻልም። የጠረጠርኩት መድኃኒት ግን እዚያው ከኋላዬ፣ በተቆለፈው ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። ሐኪም በልዩ ማዘዣ ካልጻፈው ከዚያ አይወጣም።

“አልችልም እህቴ። ሐኪም አይቷት መጻፍ አለበት። ሕግ ነው።”

“ይሄ ሕግ ልጅ ወልዶ ያውቃል?” አለችኝ።

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

“ሆስፒታሉ እኮ ቅርብ ነው” አልኳት።

“ከገበያ ገዝቼ አበላኋት ብል ያስሩኛል።”

ለካ ሆስፒታሉን በሩቅ ስታልፈው የኖረችው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ትምህርት ቤት ስለ መድኃኒት ሕግ ስማር እናትን ያስፈራል ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ብቻዋን ብልካት ወደ ሁምቦ እንደምትመለስ ገባኝ። እንዲህ ያለው መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ሕመሙ ብሶ ሊመጣ ይችላል።

“ማንም አያስርሽም። አብሬሽ እሄዳለሁ” አልኳትና ነጩን ጋዋኔን አወለቅኩ።

ጋሼ ደነገጡ። “በገበያ ቀን?”

“እንዘጋለን ጋሼ።”

“እኔ አለሁ አይደል! የራስ ምታቱን እንኳ ልሽጥ።”

“የራስ ምታትም ቢሆን አይቻልም።”

አጉረመረሙ። በሩን ሊዘጉ ሲነሡ ግን ልጅቷን አዩዋት፤ አፏን ከፍታ፣ ጉንጯን እናቷ ትከሻ ላይ ጥላ ተኝታለች። ወጡና ባጃጅ ጠሩልን። ሾፌሩንም “ቀስ ብለህ ንዳ፣ ጉድጓዱን እያየህ” ሲሉት ሰማኋቸው።

ሆስፒታል ወረፋ ስንጠብቅ ሴትዮዋ ጣቶቼን ይዛ አልለቅ አለች። ወጣቱ ሐኪም ልጅቷን ቀስቅሶ አቆማት፤ እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደች።

“በቀን ስንት ትሰጫታለሽ?”

“ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት። ሰውየው ነው እንዲህ ያለኝ” ብላ አንገቷን ደፋች።

እኔ አስተረጎምኩ። ሐኪሙ አልተቆጣም። “እንዲህ የሚያስተኛት መድኃኒቱ በዝቶባት ይመስለኛል። ጥቂት ቀን እዚህ ትቆይ፤ እያየን በልኳ እናደርግላታለን” አለ።

ይህን ስነግራት እስከዚያ ያልወጣው እንባዋ ወረደ። “እኔ ነኝ እንዲህ ያደነዘዝኳት?”

ሐኪሙ ትርጉም ሳይጠብቅ ገባው። “አንቺማ ከእሳት የጠበቅሻት ነሽ” አለኝ፣ ለእሷ እንድነግራት። ነገርኳት። ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ።

ከሆስፒታል ሲወጡ ማዘዣውን ይዛ መጣች። በሁለት እጇ ነበር የሰጠችኝ። ቁም ሳጥኑን ከፍቼ መድኃኒቱን አወጣሁላት፤ እንዴት እንደምትሰጣት ነገርኳት፣ እሷም መልሳ ነገረችኝ። ጋሼ ወንበራቸውን ለቀውላት አጠገቧ ቆመው ያዳምጡ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየወሩ ይመጡ ጀመር። በሚቀጥለው ወር ልጅቷ በእግሯ ገባች። ባንኮኒው ላይ አገጯን አስደግፋ ለረጅም ጊዜ ስታየኝ ቆየችና በወላይትኛ “ለምንድን ነው ነጭ የለበስሽው? ልታገቢ ነው?” አለችኝ። ድምፅዋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ጋሼ በሳቅ ፈረሱ። “እስቲ መልሺላት! እኔም ልጠይቅሽ ፈልጌ ነው” አሉ። እናቷ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

ሥራ ቀይሬ ሶዶን ልለቅ ስል ልሰናበታቸው ሁምቦ ወረድኩ። ሙቀቱ ከባድ ነበር። ከደጃፉ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን የተቀቀለ በቆሎ እየበላን ሳለ፣ የጎረቤት ልጃገረዶች ጄሪካን ይዘው መጡና ልጅቷን ጠሯት። ትንሽ ጄሪካን አንስታ እየሮጠች ተቀላቀለቻቸው። እናቷ ብድግ ብላ አጥሩ ጋ ቆመች።

“ከሰው ጋር ከሆነች ውሃ እንድትወርድ ሐኪሙ ፈቅዶላታል” አለችኝ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። “እኔ ነኝ ገና ያልለመድኩት።”

ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። ልጆቹ እየተጯጯሁ ቁልቁል ወረዱ። መታጠፊያው ላይ ሲሰወሩ እናትየው በረጅሙ ተነፈሰችና “ነይ፣ በቆሎሽ ቀዘቀዘ” አለችኝ።