እትዬ አስካለና የአንሶላው ጋሪ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ጣቱ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ከሥራ መጣና ስልኩን ይዞ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ካርቶን ጭሮት ነው። ለዚያች ጭረት ፎርም ይሞላል! የት እንደተጎዳ፣ ምን እንደጎዳው፣ ከእሱ በፊትም ሌላ ሰው ተጎድቶ እንደሆነ ይጠይቁታል። ሳቅሁበት። ሳቄ ግን ብዙም አልዘለቀም፤ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሳሎኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ የድሮ ሥራ ቤቴ፣ የአሌክሳንድሪያው በረኪና ሸተተኝ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ገና አምስት ወሬ። የምኖረው ላንግሊ ፓርክ፣ የምሠራው አሌክሳንድሪያ፣ የሆቴል አንሶላና ፎጣ የሚታጠብበት ቤት ነው። በአውቶቡስና በባቡር ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ዊንተር፣ የብርድ ወራት ስለነበር ለምሳ የያዝኩት ፍርፍር ቦርሳዬ ውስጥ ደርቆ ይደርሳል።

ሥራው ያስገቡኝ ቀድመውን እዚያ ይሠሩ የነበሩት እትዬ አስካለ ናቸው። እኔን ብቻ አይደለም፤ እዚያ የነበርነው ስምንት ሐበሾች በሙሉ የገባነው በእሳቸው ቃል ነው። አንዳችን ብናጠፋ አንገታቸውን የሚደፉት እሳቸው ናቸው። ይህን ቁጭ አድርጎ የነገረን የለም፤ ግን እናውቃለን።

እርጥብ አንሶላ የምንገፋበት ትልቅ ጋሪ ነበር፤ አንዱ ጎማው ተጣሟል። በሩ ጋ ስንታጠፍ ድንገት ይዞርና ቀኝ እጃችንን ከመቃኑ ጋር ያጣብቀዋል። እኔን በሁለተኛው ሳምንት ያዘኝ፤ የሌባ ጣቴ ጥፍር ጠቆረ። እትዬ አስካለ መጸዳጃ ቤት ወሰዱኝና ከቦርሳቸው ቅባትና ፋሻ አውጥተው አሰሩልኝ። ለማንም እንዳልናገር መከሩኝ። ሐበሾቹ ዝርክርክ ናቸው ከተባለ ሌላ ሰው ማስገባት አይችሉም። እኔም የራሴ ጥፋት ነው ብዬ ተቀበልኩ፤ ሞኝ!

ከዚያ በኋላ ግን የሰው እጅ ማየት ጀመርኩ። አልማዝም፣ ተስፋዬም፣ ሌሎቹም፤ ሁሉም ቀኝ እጅ፣ ሁሉም እዚያው በር ላይ፣ ፋሻውም የእትዬ አስካለ። የጎማውን ጥፋት እያንዳንዳችን ለብቻችን ተሸክመነው ኖረናል። ብናገር እሳቸው ሲደብቁ መኖራቸው ሊወጣ ነው፤ ዝም ብል የአንዱ እጅ ሊሰበር ነው። ባቡር ውስጥ ዛሬስ እናገራለሁ እላለሁ፤ ስገባ "ቁርስ በልተሻል?" ሲሉኝ በልቻለሁ ብዬ ወደ ጋሪው እሄዳለሁ። መውጫ አጣሁ። ሦስት ሳምንት እንዲሁ ስብሰለሰል ከረምኩ።

በአራተኛው ሳምንት ጋሪው የእትዬ አስካለን የራሳቸውን እጅ ያዘ። ለማንም ሳይናገሩ ጠቅልለውት ሠርተው ወጡ። በማግስቱ ግን እጃቸው አብጦ ማናጀሩ አየውና ቢሮ አስጠራቸው፤ እኔ እንግሊዝኛ ስለምሻል ላስተረጉም ገባሁ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ሥራ ላይ ከሆነ እናሳክማቸዋለን፣ ምክንያቱንም እናስተካክላለን፣ ምን እንደጎዳቸው ጠይቂልኝ አለኝ።

"ቤቴ፣ በር ነው የያዘኝ በይው" አሉኝ፣ መሬት መሬት እያዩ።

"እትዬ፣ እውነቱን ልንገረው?"

"ያልኩሽን በይ።"

አልኩት። አጥርቼ፣ በእንግሊዝኛ። ትከሻውን ሰበቀና ሊሞላ ያወጣውን ወረቀት አጠፈው። ሁለት ጣታቸው ተሰብሮ ኖሮ እንደተጣመመ ቀረ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሥራውን ተዉት። ጋሪውን እኔም እስክወጣ ድረስ ገፋሁት።

የልጄን ፎርም ባየሁ ማግስት ልጠይቃቸው ሄድኩ። አርጅተዋል። ሻይ የያዙት በግራ እጃቸው ነው። ስንት ዓመት ሲከነክነኝ የኖረውን ነገር አውጥቼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ በወጣልኝ።

"እኔ እኮ ያን ቀን እምቢ ትይኛለሽ ብዬ ነበር" አሉኝ ቀስ ብለው።

ምግብ ሲቀርብልን እንኳን "በቃኝ፣ በልቻለሁ" እያልን በሞቴ እስክንባል የምንጠብቅ ሰዎች ነን። እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ፤ ይህ አይጠፋኝም። የዚያን ቀን ግን እውነቱን ልንገረው ብዬ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቄያቸው ተውኩ።