ከኋላ አልቀመጥም

ይህ የገጠመኝ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ስኖር ነው። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያን የባስ መንገድ ግን ከነፌርማታው አስታውሰዋለሁ።

ያኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ልጆቼን ካደረስኩ በኋላ ኮሌጅ ገብቼ ከልጆቼ እኩዮች ጋር እማር ነበር። ባስ ላይ ሁልጊዜ ከኋላ፣ መስኮቱ ጥግ እቀመጣለሁ። እዚያ ሰው አያናግረኝም፤ አነባለሁ።

በሦስተኛው ፌርማታ አንዲት በዕድሜ የገፉ ጥቁር አሜሪካዊት ይሳፈሩና ከሾፌሩ ጀርባ ይቀመጣሉ። ኮፍያቸው ከካፖርታቸው ጋር ሳይገጥም የቀረበት ቀን ትዝ አይለኝም። ከአንገት ሰላምታ በቀር ተነጋግረን አናውቅም።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ባሱ ጢም ብሎ ሞላ። ከፊት ያሉት ወንበሮች ለዊልቸር ታጥፈው ስለነበር ሴትዮዋ ብረቱን ይዘው ቆሙ። እናቴን የሚያህሉ ሰው ቆመው እኔ ተቀምጬ ማንበብ አልሆነልኝም። ቦርሳዬን ወንበሬ ላይ ትቼ ሄድኩና «ይምጡ፣ የእኔ ቦታ ላይ ይቀመጡ» አልኳቸው።

«አመሰግናለሁ፤ እዚሁ ይሻለኛል» አሉ።

በእኛ ወግ የመጀመሪያው እንቢታ ጨዋነት ነው፤ ሁለተኛውም አይቆጠርም። የተግደረደሩ መስሎኝ ክንዳቸውን ያዝኩ። «በሞቴ» የሚለውንም ወደ እንግሊዝኛ ገልብጬ «እባክዎ፣ ስለ ሞቴ ብለው» አልኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ ግን ሳብ አደረግኳቸው።

ክንዳቸውን ቀስ ብለው ከእጄ አወጡ። «ልጄ፣ ከኋላ አልቀመጥም» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። እስኪወርዱ ድረስም አልተቀመጡም።

ፊቴ ጋለ። እኔ የተቀመጥኩበትን ወንበር ተጸየፉት ብዬ ደመደምኩ። ቢያስረፍደኝም ከነገ ጀምሮ በሌላ ባስ ልሄድ ወሰንኩ።

ያን ዕለት የታሪክ አስተማሪያችን ፈተና መለሰልን። አንድም ነጥብ አልጎደለብኝም። አንደኛው መልሴ ላይ፣ በድሮ ጊዜ በአሜሪካ ደቡብ ጥቁሮች ከፊት ከፍለው እንደሚወርዱ፣ ከዚያም በኋላው በር ገብተው ከኋላ ብቻ እንዲቀመጡ ይገደዱ እንደነበር፣ በመጨረሻም ይህን በመቃወም ማንንም ሳይነኩ ባሱን ባዶውን ትተው በእግራቸው እንደሄዱ በገዛ እጄ፣ ነጥቡን ከነሰረዙ ሳላጓድል ጽፌአለሁ። መልሴን ደግሜ አነበብኩት። ያን በጻፍኩበት እጅ ነው አንዲት ጥቁር ሴት ወደ ባስ ኋላ የጎተትኩት።

በማግስቱ ያንኑ ባስ ያዝኩና ከፊት ቆሜ ጠበቅኳቸው። ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሲሳፈሩ ግን ሁሉም ጠፋብኝ። «ትናንት አላወቅኩም። ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብቻ አልኩ።

ተቀመጡና ከጎናቸው ያለውን ወንበር መታ መታ አደረጉ። «ያቺ መጽሐፍ ውስጥ ገብታ የምትጠፋው አንቺ ነሽ አይደል? ተቀመጪ።»

ያደጉት እዚያው የአሜሪካ ደቡብ ነው። እናታቸው ሰው ቤት ልብስ አጣቢ ነበሩ፤ ጥቁሮች ባስ መሳፈር ሲያቆሙ እሳቸውም በልጅ እግራቸው አብረው ተጉዘዋል። «ባሱ ባዶውን ሲያልፍ እናቴ ለሾፌሩ እጇን ታውለበልብለት ነበር» ብለው ሳቁ። «እኔ እግሬን አሞኝ ሳለቅስ፣ ‹አንድ ቀን ከፊት ትቀመጫለሽ› ትለኛለች። ስለዚህ ከፊት ቦታ ከሌለ እቆማለሁ።»

ትንሽ ቆይተው «ይልቅ ያ የሞትሽ ነገር ምንድን ነው? የታመምሽ መስሎኝ ደንግጬ ነበር እኮ» አሉኝ። አስረዳኋቸው። ሦስት ጊዜ መለመን ደንብ እንደሆነም ነገርኳቸው።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት አብረን ተጓዝን። ወደ ኋላ ጥጌ ላመልጥ ስል «በሞቴ» ይሉኛል፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው፣ ሦስቴ ቆጥረው። እኔም ሁለቴ እንቢ ብዬ እቀመጣለሁ።

አሁን እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው የምኖረው፤ ብዙውን ጊዜ መኪና እነዳለሁ። አልፎ አልፎ ባስ ስይዝ ግን ከፊት እቀመጣለሁ። መጽሐፌንም፣ እሳቸው የሚሳፈሩ ይመስል፣ እስከ ሦስተኛው ፌርማታ ድረስ አልከፍትም።