ትከሻ የሌለው ፊት

ሰፈሩ «ደመናው» የሚለው ፖስተር ሠሪ ሰው አይወድም፤ ዘፋኝ ደግሞ ጭራሽ ዓይኑን ማየት አይፈልግም። የሚበላው ግን ከዘፋኝ ነው። ከማተሚያ ቤቱ ጎን፣ መስኮቷ በወረቀት ብናኝ በጨለመ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከአንድ ኮምፒውተርና ከአንድ በርጩማ ጋር ይውላል። የአልበም ማስታወቂያ ሊያሠራ የመጣ ሁሉ እዚያች በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ የእሱን ግልምጫ ሳይቀምስ አይወጣም።

ሥራው ሕግ አለው፤ ሕጉን ያወጣውም ማንም ሳይሾመው እሱ ራሱ ነው። ባለአልበሙ መሀል ላይ ደረቱን ነፍቶ ይቆማል። ጥቁር መነጽር ካለው ያደርጋል፣ ከሌለው ይዋሳል። ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሮ ሽቅብ ያያል፤ ምን እንደሚያይ አይታወቅም፣ ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ የሚፈልግ ነው የሚመስለው። ከኋላው የራሱ ያልሆነ መኪና ይገተራል። ስሙ በቢጫ ይጻፍና በቀይ ይከበባል፤ አጃቢዎቹ ከታች በክብ በክብ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ይደረደራሉ፤ ግጥሙን የጻፈው ምስኪን ደግሞ ጉንዳን ብቻ በሚያነበው ፊደል ጥግ ላይ ይወሸቃል። «በቅርብ ቀን» የምትል ቀይ ጥብጣብም አለች፤ ዘፈኑ ገና ያልተዘፈነ ቢሆን እንኳ እሷ አትቀርም።

ሟችም የራሱ ቦታ አለው። ከላይ ደመና ውስጥ ይገባል፣ ትከሻ አይኖረውም፣ ከአገጩ ሥር ጉም ሆኖ ይቀራል። ደመናው ይህን መጀመሪያ የሠራው ለአንድ ሟች ከበሮ መቺ ነበር። ሰው ወደደለት፣ ሌሎች ፖስተር ሠሪዎች ዓይናቸውን በጨው አጥበው ሰረቁት፣ ለእሱም ቅጽል ስም ሆኖ ቀረ። ዛሬ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ፖስተር ላይ ትከሻ የሌለው ፊት ካየ «ነፍስ ይማር» ብሎ ያልፋል።

አባቱ በጉብዝናቸው ጊዜ አኮርዲዮን ተጫዋች ነበሩ። ልጅ ሳለ እንግዳ በሞላበት ሳሎን እንዲዘፍን አቆሙት፤ ሁለት ስንኝ ሳይጨርስ «አንተ ይቅርብህ፣ ታናሽህ ይዝፈን። አንተ ሥዕልህን ሳል» አሉት። እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ከጆሮው አልወጣም። ጢም ሲያበቅል ከቤት ወጣ፣ ከአባቱ ጋር ሆድና ጀርባ ሆኑ፣ ደጃቸውንም ዳግመኛ አልረገጠም። ቤታቸው ሩቅ አይደለም፤ የለኮሱት ሲጋራ ሳያልቅ ይደረሳል። ያራቀው ቂሙ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ለማንም ያልተናገረው አንድ ምኞት ነበረው። አባቱ አንድ ቀን በዚያች በር ገብተው፣ ግድግዳውን የሸፈኑትን ፖስተሮች አንድ በአንድ አይተው፣ «ያንተ ሥራ ነው?» እንዲሉት ይፈልጋል። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና የሚለው ለዚህ ነው። የገባው ዘፋኝ መሆኑን ሲያይ ነው ፊቱ የሚከሰከሰው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሽቶው ቀድሞት የገባው ዘፋኝ ታናሽ ወንድሙ ነበር።

«አዲሱን አልበም ለአባባ ነው ያበረከትኩት» አለ ሳይቀመጥ። «ፎቷቸውን ከላይ አድርግልኝ።»

«ለምን ከላይ?»

«ከእኔ በታች ላድርጋቸው?»

«እሱስ እውነትህን ነው፤ ካንተ በታች የሚሆን ሰው ከየት ይመጣል?»

ወንድሙ ከኪሱ አንዲት ቁራጭ ፎቶ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። ከአሮጌ መታወቂያ የተላጠች ናት፤ ከአገጭ በታች ምንም የላትም።

«ይሄ አንገት እንኳ የለውም። ደህና ፎቶ አምጣ።»

«እሷን ነው የሰጡኝ። ለነገሩ አባባ ፎቶ መነሳት አይወዱም። እንደ ልጅ ብትጠይቃቸው ኖሮ ታውቀው ነበር።»

የደመናው ደም ፈላ። «ታዲያ ምን ቆርጦህ እኔ ጋ መጣህ? እዚያ ጓደኞችህ ጋ አታሠራም?»

«እኔ መቼ ወድጄ? ‹እሱ ይሥራው› ያሉት እሳቸው ናቸው።»

«ውሸታም» አለው። ወንድሙ በሩን በርግዶት ወጣ።

ሌላ ሰው ቢሆን ችግር አልነበረም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሙሉ ልብስ ለብሰው ራስ የሚጠብቁ ሰውነቶች ሞልተዋል፤ የአንዱን ሸበላ ትከሻ ለስንቱ ኮሳሳ አውሶታል። የአባቱን ራስ ግን የማያውቀው ሰው አንገት ላይ መትከል እጁ እምቢ አለው። ደህና ፎቶ ፍለጋ ያችን አጭር መንገድ መሄድ ደግሞ ሞቱ ነው። «እሱ ይሥራው» አሉ? አይሉም። ብለውስ ከሆነ፣ ዛሬ ምን ትዝ አላቸው? እንዲህ ከራሱ ጋር እየተነታረከ ሲሠራ፣ እጁ አንገት የሌለውን ፊት የለመደበት ቦታ ወስዶ አኖረው። ከላይ፣ ደመና መሀል፣ ከአገጩ ሥር ጉም።

ወንድሙ ሊያጸድቅ መጣና የራሱን ፊት አየ። «ጥርሴን ትንሽ ነጣ አድርገው» ብሎ ሄደ። ዘፋኝ በራሱ ፖስተር ላይ ሌላ ሰው አይታየውም።

ፖስተሩ ከተማውን ባለበሰ ማግስት የማተሚያው ሠራተኛ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ። አንገቱን ደፋ።

«እግዜር ያጽናህ» አለው።

«ምን ሆንኩና?»

«አባትህን ነዋ። ምነው ሳትነግረን?»

ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ። ደመናው የራሱን ሥራ መንገደኛ እንደሚያየው አየውና ክው አለ።

በአባቱ ቤት የሆነውን የሰማው ዘግይቶ ነው። ጎረቤት ጥቁር ለብሶ እያለቀሰ ደጁን ሲያንኳኳ በሩን የከፈቱት ሟቹ ራሳቸው ነበሩ፤ ግማሽ ፊታቸው የሳሙና አረፋ፣ በእጃቸው ምላጭ። ለለቅሶ የመጣችው የደመናው አክስት ደረጃው ላይ ተዝለፈለፈች።

ወንድሙ ደወለ። «በቁማቸው ቀበርካቸው አይደል? ሆን ብለህ ነው። አውቅሃለሁ።»

«አንተስ ዓይን የለህም? አይተህ አይደለም እሺ ያልከው?»

«እኔ የራሴን ፖስተር ነው ያየሁት» አለና ጆሮው ላይ ዘጋበት።

«ሆን ብዬ አይደለም» አለ ደመናው ለባዶው ክፍል። ለራሱ ግን እርግጠኛ አልነበረም። ያን ቀን ሄዶ እግራቸው ላይ ቢወድቅ ይሻለው ነበር። እፍረቱም ቂሙም አንድ ላይ ያዙትና ከወንበሩ ሳይነሳ ዋለ።

በማግስቱ በሩ ተንኳኳ፤ ቀና አለ። አባቱ ናቸው። የተጠቀለለ ፖስተር በብብታቸው ይዘዋል። እሱ ከሚያውቃቸው አጥረዋል፣ የኮታቸው ትከሻም ወደ ክንዳቸው ወርዷል። ፖስተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ያንተ ሥራ ነው?» አሉ።

ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃት ቃል ነበረች።

«አዎ» አለ።

በርጩማዋን ስበው ተቀመጡ። «በል አንሳኝ። ከነትከሻዬ።»

ካሜራውን ከጠረጴዛው ሥር አወጣ። አፉ የለመደውን ተናገረ። «ወደ ቀኝ ዞር ብለው ወደ ላይ ይዩ።»

«ወደ ላይማ ልከኸኝ ነበር። አሁን አንተን ነው የማየው።»

ፊት ለፊት አዩት። ካሜራው ባይኖር ዓይኑን በሰበረ ነበር።

«‹እሱ ይሥራው› ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ያችን ቁራጭ የላክሁብህ፣ ትከሻ ያለው ፎቶ ፍለጋ ትመጣለህ ብዬ ነው።»

ደመናው ሌንሱን ማስተካከል ያዘ።

«ትናንት ሰፈሩ ሁሉ አለቀሰልኝ። የተኳረፍኩት ሁሉ ሳይቀር መጣ። አንተን ጠበቅኩ።»

«በሕይወት እንዳሉ አውቅ ነበራ፣ አባባ።»

«እንዳለሁ እያወቅህስ መቼ መጣህ?»

ደመናው የካሜራውን ቁልፍ ተጫነ። አባቱ ተነሡ፣ ኮታቸውን ወደ ላይ ሳብ አደረጉ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ፖስተሮች አንዱንም ሳያዩ ወጡ።